የኮኪቱ በረዶ

የቆዩ የኅትመት ሥዕሎችን ቴሌግራም ላይ በጨረታ እሸጣለሁ። ባለፈው ክረምት ኮኪት ካለው የእናቴ ሻይ ቤት አንዱን ከነግድግዳው ፎቶ አንስቼ ለቀቅኩት። በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፤ ከሥሩ አንዲት የእንጨት ቤት አለች።

የኮኪትን ሙቀት ለማያውቅ ምኑም አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ከሥዕሉ ትይዩ ያለውን አግዳሚ ይሻሙት ነበር። «እስቲ ጠጋ በል፣ ብርዱ ለእኛም ይድረሰን!» ሲባባሉ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሻዩን እስክትደፋ ትስቅ ነበር። አሁን ሻይ ቤቱን የያዘችው እህቴ «እሱንስ ተወው» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

ጨረታው ላይ አንድ ሰው አላስነካ አለ። ሌላው በጨመረ ቁጥር እሱም ይጨምራል። አሸነፈ፣ ወዲያው ከፈለ። ሥዕሉን ጠቅልዬ የውሃ ቱቦ ውስጥ ከተትኩና ጫፍና ጫፉን በፌስታል አስሬ፣ በአውቶቡስ ልልክለት አድራሻውን ልጠይቅ ደወልኩ። ያነሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው።

«የሻይ ቤቷ ልጅ ነህ አይደል? ግድግዳውን አይቼ አወቅሁት» አሉኝ። «በየዓመቱ ለአጨዳ ስንወርድ እዚያ ነው የምንቀመጠው። አጫጆቹ አዋጥተን ነው የገዛነው።»

«እሺ አባባ፣ የት ልላክልዎት?»

«ኧረ አትላክ! እኛ ያለነው ጉና ሥር ነው፤ እዚህ ብርድ መች አጣን? ከነበረበት መልሰህ ስቀልልን።»