ባልታመሙት አማት ስም የተወሰደ ፈቃድ

ሰውየው የሚሠራው በአውቶቡስ ጋራዥ ስምሪት ክፍል ነው። በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይመድባል። ከስድስት ዓመት በፊት ጋራዡ ግቢ የተጣለ አሮጌ የአውቶቡስ ባሌስትራ ብረት አስፈቅዶ ወሰደና፣ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ ቢላዋ አደረገው። ያ የመጀመሪያው ቲማቲም እንኳ በቅጡ አይቆርጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እጁ ተፍታታ፤ ልቡም እዚያው ዕቃ ቤት ቀረ።

ለነገሩ ደንብ ወጥቶለት ነበር። እሁድ ጠዋት ለብረቱ፣ የቀረው ጊዜ ለሥራና ለቤተሰብ። ደንቡን ያወጣችው ሚስቱ ናት፤ የሚጥሰው እሱ ነው። "አንዴ አይቼው ልምጣ" ብሎ እንደወጣ ምሳው ይቀዘቅዛል። ሚስቱ የፀጉር ማድረቂያዋን ስትፈልግ ከሰል ሲያራግብበት ታገኘዋለች። "በዚህ ቤት እኮ ከሹካ ቢላዋ በዛ" ትላለች። "እንግዳ ቢመጣ ሥጋ ቤት የገባ ነው የሚመስለው።" እሱም ይስቃል። የምትቀልድ መስሎት።

በዚያ ሰሞን ስለቱ ቀጠን ያለ ረጅም ቢላዋ ጀምሮ ነበር። የጋለውን ብረት ዘይት ውስጥ ሲነክረው ሁለት ጊዜ ተጣመመበት፤ በሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወጣለት። እጀታ ለመግጠም እስከ እሁድ መጠበቅ አቃተው። ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራ፣ የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት እንደሄዱ ስልኩን አንስቶ ለአለቃው ደወለ። ምን እንደሚል አላሰበበትም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

"አማቴ በጣም ታመውብኛል። ጥያቸው ልወጣ አልቻልኩም።"

"ውይ! በል አጠገባቸው ሁን። እኛ እንሸፍንልሃለን" አለው አለቃው።

አማቱ በዚያች ሰዓት ወንበር ላይ ቆመው የሳሎኑን መስኮት ይወለውላሉ። ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ጉንፋን እንኳ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። "ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" ሲሉት "ፈቃድ ወስጄ ነው፣ እማማ" አላቸው። ይሄኛው እንኳ ውሸት አይደለም ብሎ ራሱን እያጽናና ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ።

ቀኑ እንዴት እንደነጎደ አላወቀም። አሥር ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተንኳኳ። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ ወጣ ሲል አማቱ ቀድመውት በሩን ከፍተዋል። ደጃፉ ላይ አለቃው፣ ሁለት ሹፌሮችና የስምሪት ክፍሉን ወንበር በፈረቃ ከእሱ ጋር የምትጋራው ሴት ቆመዋል። አለቃው አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሏል።

"እንደምን ዋሉ እናቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አማቱን ልንጠይቅ ነበር። እንዴት ዋሉ፣ ተሻላቸው?"

አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው ዞር ሲሉ አማቻቸውን አዩት። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። አማቱ ቀስ ብለው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

"እኔው ነኝ ልጆቼ" አሉ በደከመ ድምፅ። "ግቡ፣ ግቡ። አሁን እንኳ ትንሽ ቀለል ብሎኛል።"

ግድግዳ እየተደገፉ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው ሶፋው ላይ ተጋደሙ። ሰውየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

"አንተስ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠቆርከው?" አለው አንዱ ሹፌር።

አማቱ ደረሱለት። "ብርድ ብርድ ሲለኝ ከሰል ሊያያይዝልኝ ብሎ ነው። ሲለፋ ዋለ፣ ምስኪን።"

"ተባረክ!" አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "እንዳንተ ያለ አማች ከየት ይገኛል?"

የፈረቃ ጓደኛው ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ድካም ፊቷ ላይ ይነበባል። "ልጄ ዛሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረው" አለች ለወሬ ያህል። "ሦስት ወር ጠብቀን ነው ያገኘነው። ግድ የለም፣ በሽተኛ ይበልጣል ብዬ ገባሁልህ።"

"አመሰግናለሁ" አላት።

በዚህ መሀል ልጁ ከትምህርት ቤት መጣች። ቤቱን የሞላውን ሰው አየች፣ የተኙትን አያቷን አየች፣ ቦርሳዋን ወርውራ ተጠመጠመችባቸው። "አያቴ! ልትሞቺ ነው እንዴ?" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አያቷ እንግዶቹ ፊት ምን ይበሉ? ጀርባዋን እያሻሹ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾኩላት፤ እሷ ግን ጭራሽ ባሰባት። አባቷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። አንድ ቃል ቢናገር ልጁ ዝም ትል ነበር። አልተናገረም።

እንግዶቹ ሲወጡ አማቱ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

"ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለራሴ እንኳ እንዲህ ዋሽቼ አላውቅም" አሉት። "ሁለተኛ በሽተኛ ካስፈለገህ አንተው ታመም!"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"እኔን ተወኝ። ሕፃኗን አስለቀስካት። ለሚስትህ እኔ ትንፍሽ አልልም፤ አንተው ትነግራታለህ።"

ነገራት። ኩሽና ውስጥ ቆሞ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ትጮኽብኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ፎጣውን ቦታው ከሰቀለች በኋላ ነው የተናገረችው።

"አምና ትኩሳት ጥሎኝ ሳለ 'ፈቃድ አይሰጡኝም' ብለኸኝ ነበር የሄድከው። ለብረት ሲሆን ይሰጣሉ ማለት ነው።"

እውነቱን ለመናገር ያኔ ፈቃዱን ጨርሶ አልጠየቀም ነበር። ይህንንም ሊነግራት አሰበ፤ አቅም አጣ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄዶ ጉዱን አወጣ። አለቃው ቀኑን ከዓመት ዕረፍቱ ቀነሰበት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጻፈለት። ያ ቀሊሉ ነበር። የፈረቃ ጓደኛው ሰምታው ሰምታው፣ የስምሪት መዝገቡን ዘጋችው።

"ልጄ ሰሌዳው አይታየውም" አለች። "ከፊት ወንበር አስቀምጡልኝ እያልኩ ነው የከረምኩት።" ሌላ ምንም አልጨመረችም። አዲሱ ቀጠሮ ሲደርስ ሳትጠይቀው ፈረቃዋን ገባላት። እንደማያውቁት ሰው አመስግናው ሄደች።

አምስት ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቤቱን አልከፈተም። በስድስተኛው ሚስቱ ራሷ "እሁድን መች ከለከልኩህ? ቤት ተኮራምተህ ስትውል ደግሞ ታስጠላለህ" ብላ አስወጣችው። አሁን ይገባል፤ ምሳ ሳይቀርብ ታጥቦ ገበታው ላይ ይገኛል። ሹፌሮቹ "አማትህ ዛሬ እንዴት አደሩ?" እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቃል፤ ጆሮው ግን ይግላል።

ልጁስ? አያቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ፣ በእግሯ ጣት ተራምዳ ሄዳ መዳፏን አፍንጫቸው ሥር ትዘረጋለች። ትንፋሻቸው ሲሰማት ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። አንድ ቀን አባቷ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ይህን ማን እንዳስተማራት ያውቃል። እንዳታየው ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ።