ስድስተኛው ቀዳዳ

የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት "ድምፁን ቀንሱልን" ልል ሄጄ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ስዊድን፣ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራይተን እንለማመድ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ክፍል ደግሞ ሌላ ቡድን ይከራየዋል። አንድ ምሽት ቀስ ያለ መዝሙር ስንለማመድ ከማዶ የሚመጣው የጭፈራ ዜማ አላስዘምር አለን። "አንቺ ስዊድንኛሽ ጥሩ ነው፤ ሂጂና በትሕትና ንገሪያቸው" ተባልኩ።

በሩን ከፈት አደረግሁት። ሰባት ስምንት ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል። ቫዮሊን የያዘ አለ፣ አኮርዲዮን የያዘ አለ፤ አንዱ ጥቁር የእንጨት ፍሉት በጎን ይዞ እንደ ዋሽንት ይነፋል። ፊታቸው ላይ ወረቀት የለም። ዜማው እስኪያልቅ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። ሊያልቅ ሲል ሳያርፉ ወደ ሌላ ዜማ ገቡ፤ እኔም መቆሜን ቀጠልኩ። የመጣሁበትን ሳልናገር ተመልሼ ለመዘምራኑ "ሊጨርሱ ነው" አልኳቸው።

በሚቀጥለው መከር ቡድኑ ቀኑን ወደ ኀሙስ ሲያዛውር ሄጄ ተመዘገብኩ። ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ በሕይወቴ ከመዝሙር በቀር ሙዚቃ ነክቼ አላውቅም ነበር። ቡድኑን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የቫዮሊን ተጫዋች ሴትዮ ናቸው። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው "አንተ"፣ "አንቺ" ነው፤ በልቤ ግን እሳቸውን "አንቱ" ከማለት መላቀቅ አቅቶኛል። ከፕላስቲክ የተሠራ መለማመጃ ፍሉት አዋሱኝና ሦስት ዓመት በእሱ ነፋሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ትንፋሼ እየባከነ ራሴን ያዞረኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን ከእነሱ ጋር ሃያ ያህል ዜማ እከተል ጀመር። ሶልና በሚባል ከተማ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሣና ሳስተኛ ውዬ ኀሙስ ማታ እዚያ ክብ ውስጥ ስቀመጥ ወገቤ ራሱ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የካቲት ላይ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ በረዶው አንሸራተተኝ። በቀኝ እጄ ተደገፍኩ፤ የቀለበት ጣቴ አበጠ። "ወለም ብሎኝ ነው" ብዬ አሰርኩትና ሥራ ገባሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሐኪም ጋ ስሄድ ጣቱ ተሰብሮ ኖሯል፤ ያለ ቦታውም መግጠም ጀምሯል። የተቻለውን ያህል አስተካከሉልኝ። ዳነ፤ ግን ቀጥ አይልም፤ ወደ ጎንም አይዘረጋም። ለሥራ አያስቸግረኝም። ለፍሉት ግን ሌላ ነው።

ይኼ የአየርላንድ ሙዚቃ ፍሉት ስድስት ቀዳዳ አለው። ሦስቱ የግራ እጅ፣ ሦስቱ የቀኝ እጅ ናቸው። የመጨረሻው፣ ስድስተኛው፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ነው ያለው፤ የሚደፍነው ደግሞ የቀኝ እጅ የቀለበት ጣት ነው። የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ታችኛው ድምፅ አይወጣም፤ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ባዶ ንፋስ ይሆናል። የእኔ ጣት እዚያ ቀዳዳ ጫፍ ላይ ደርሶ ያቆማል።

ሦስት ሳምንት ታገልኩ። ከዚያ ለሴትዮዋ ደውዬ "የሥራ ሰዓቴ ተቀየረ፤ ኀሙስ አልችልም" አልኳቸው። ውሸት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ገና ጀማሪ መሆኔ አንሶ፣ አሁን ደግሞ እጄ አይሆንም ብሎ መናገር አሳፈረኝ። ፍሉቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ከክረምት ብርድ ልብሶች ሥር ከተትኩት።

ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ እራት ላይ፣ "ጣትሽ ነው አይደል?" አለኝ።

"ምኑ?"

"እኔ እኮ ከሳሎን እሰማ ነበር። ታች ስትደርሺ ትቆሚያለሽ።"

ወጥ ጨመርኩለት።

ግንቦት ላይ ሴትዮዋ ደወሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "ቅር ያሰኘሁሽ ነገር አለ? አንድ ወር ሙሉ ሳስብ ነበር።" ያን ጊዜ ነው የእውነት ያፈርኩት። እውነቱን ነገርኳቸው። በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማሁ። "እሱ ብቻ ነው?" አሉና የአንድ ፍሉት ሠሪ ስልክ ሰጡኝ።

ሠሪው ሰባዎቹን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። የሚሠሩት ከአንድ የኪራይ ሕንፃ ሥር ባለ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ጥቂት ፌርማታ ቢሆን ነው። ግድግዳው ሙሉ የተደረደረ የእንጨት ዱላ ነው። እንደተቀመጥኩ የመስሚያ መሣሪያቸውን ከጆሯቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። "ፍሉት ሲነፋ ይኼ ነገር ያፏጭብኛል" አሉ። "በይ ንፊልኝ።"

ነፋሁ። ታች ስደርስ ያው ጮኸ። አቆምኩ።

"ይቅርታ" አልኳቸው።

"ምን አጠፋሽ?"

"ጣቴ ነው።"

ጣቴን ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩት፤ ልክ እንጨት እንደሚያዩ ነው ያዩት። ከዚያ አንድ ተራ ድቡልቡል ዱላ ሰጡኝና "ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደሚመችሽ ያዢው፤ አትዘርጊ" አሉኝ። እያንዳንዱ ጣቴ ያረፈበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ዓይኔን ስከፍት ዱላውን ከፕላስቲኩ ፍሉት ጎን አስተኝተውታል።

"ጣትሽ የሚያርፈው እዚህ ጋ ነው። ቀዳዳው ያለው እዚህ ጋ። ልዩነቱ የጥፍር ያህል ነው።"

"ጣቴ ግን አይዘረጋም፤ ሞክሬያለሁ።"

"ጣትሽን እኔ አልሠራሁትም፤ እንዲህ ሁን ልለው አልችልም። ቀዳዳውን ግን የምበሳው እኔ ነኝ።"

አላመንኩም። "ቀዳዳው ሲነሣ ድምፁ አይበላሽም?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ወደ ላይ ከፍ ሳደርገው ጠበብ አደርገዋለሁ። ወደ አንቺም ትንሽ ጠጋ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ታችኛውን ክፍል ብቻ ከቁርጥራጭ እሠራና ትሞክሪዋለሽ። ካልሆነ ምንም አላዘዝሽም ማለት ነው።"

ከዚያ እንጨት ምረጪ አሉኝ። መጀመሪያ የሰጡኝ ጥቁርና ከባድ ነው። "ይኼ ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጣ ነው" አሉ፤ እንደምመርጠው እርግጠኛ መስለው። ትንሽ ስይዘው እጄ ዛለ። ከጎኑ ቀላ ያለ፣ ቀለል ያለ እንጨት ነበር። በከተማው ዳር ካሉት የአትክልት ቦታዎች በአንዱ ንፋስ የጣለው የፕሪም ዛፍ ነው አሉ። "ይኼኛው ይሻለኛል" አልኩ።

"ከአገርሽ ወገን የመጣውን አትፈልጊም?"

"አገሬ ሳለሁ ይህን እንጨት አይቼው አላውቅም" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የዚህ አገር በጋ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። መስከረም ላይ ሙከራውን አቀረቡልኝ። ታችኛው ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎ ያለው ግን ዝቅ ብሎ ተሰማኝ። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ቀዳዳውን በቀጭን ሞረድ ፋቅ አደረጉት፣ ነፋሁ፣ እንደገና ፋቁት። አራተኛው ላይ "በቃ፣ ሂጂ" አሉኝ።

ኅዳር ላይ "ደርሷል" ብለው ደወሉ። ባለቤቴ ሳልጠይቀው ጃኬቱን ለበሰ። ባቡር ውስጥ ሆኜ ያ ቁርጥራጭ እንጨት በአጋጣሚ ተስማምቶኝ ቢሆንስ፣ እውነተኛው ባይሆንስ እያልኩ ጣቴን በጓንቴ ውስጥ አጥፌ ስዘረጋ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ደክመው ሳለ ፊታቸው ላይ አይሆንም ማለቱ ነው ያስፈራኝ። የምንወርድበት ስንደርስ ባለቤቴ "እንውረድ" አለ።

ፍሉቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ነበር። አነሣሁት። ጣቶቼ ሳላዝዛቸው ቦታቸውን ያዙ፤ የተሰበረውም እንደታጠፈ ቀዳዳው ላይ አረፈ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ እየደፈንኩ ወረድኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ትንፋሼን ሳልቀንስ ደፈንኩት። ወፍራም፣ ሙሉ ድምፅ ወጣ፤ አገጬ ድረስ ነዘረኝ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ያዝኩት። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። ሳቆም ትከሻዎቼ ከጆሮዬ ሥር ወደ ታች ሲወርዱ ታወቀኝ፤ ከየካቲት ጀምሮ እዚያው ተሰቅለው የቆዩ ይመስለኛል።

ባለቤቴ አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። "እንዲህ ነው እንዴ ድምፁ?" አለ በቀስታ። እኔም ገና መስማቴ ነበር።

ሽማግሌው የመስሚያ መሣሪያቸውን መልሰው እያደረጉ መመሪያ ሰጡኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ ከነፋሽ በኋላ ውስጡን በጨርቅ ጥረጊ፣ ዘይት አልፎ አልፎ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ፈጽሞ አታስቀምጪው። ሕፃን ይዞ ከሆስፒታል እንደሚወጣ ሰው እያንዳንዱን ቃል ጻፍኩት።

ያ ሳምንት ካለፈ በኋላ ኀሙስ ዕለት ወደ ቡድኑ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ወንበሬን ቀድመው ከጎናቸው አስቀምጠውልኛል። ሰባት ወር ከእነሱ ጋር ስላልነፋሁ ግማሹን ዜማ ረስቼዋለሁ። ፈጣኑ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ፤ አንዱን ዜማ ከሌላው ጋር አምታትቼ ብቻዬን ወደ ላይ ስወጣ ሁሉም ወደ ታች ወረዱ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ስህተቱ ሁሉ የመርሳትና የመቸኮል፣ ማንም ሰው የሚሳሳተው ዓይነት ነበር። በእረፍቱ ሰዓት ሴትዮዋ ቡና ቀድተው ሲሰጡኝ፣ "እንዴት ነው እጅሽ?" አሉኝ።

ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ፣ ከምሽቱ መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ጣቴ አንዴም እንዳላሰብኩ ያን ጊዜ ልብ አልኩ። "ደህና ነው" አልኳቸው፤ ስኒውንም በቀኝ እጄ ተቀበልኩ።