ፀሐይ የመሰከረችለት ሰዓት

ሸውቂ በእስክንድርያ ትራም ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ሲቆርጥ፣ በሰዓቱ የደረሰበት ቀን ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራዋን ከነቬሏ ሁለት ሰዓት አስጠብቋታል። ኢናስ ስትፈታው ለዳኛው የተናገረችው ይኸንኑ ነው፤ «አይመታኝም፣ አይሰድበኝም፤ ግን አይደርስም።» አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ ከቤቱ ያስወጣው ይኸው አመሉ ነው።

ከዚያ ወዲህ የስድስት ዓመት ልጁን ሪታጅን የሚያያት ፍርድ ቤት በፈቀደለት ልክ ነው፤ በየዓርቡ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ በወጣቶች ማዕከል ግቢ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ መዝገብ የያዘ ሠራተኛ ዓይን ሥር። ግቢው እንደሱ ባሉ አባቶች ይሞላል። ልጆቹ ከአባቶቻቸው ፊት እንደ እንግዳ ተቀምጠው ብስኩት ይበላሉ።

ሁለት ዓመት ከተለመነች በኋላ ኢናስ በሚያዝያ ወር ለአንድ ዓርብ ፈቀደችለት። ከወረቀት ውጭ፣ በቃል ብቻ። ልጅቷን የሳይንስ ሙዚየም ይወስዳታል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተረክቦ ከቀኑ አሥር ሰዓት በር ላይ ይመልሳታል። በሰዓቱ ከመለሳት ከእንግዲህ ዓርብ ሁሉ እንዲሁ ይሆናል። «ካረፈድክ ግን ወደ ፕላስቲክ ወንበርህ!» አለችው።

መንግሥት ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። በየዓመቱ በሚያዝያ፣ ልክ ለዓርብ አጥቢያ፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋዋል። ምን እንደሚጠቀምበት እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዘንድሮ ከዚችው ዓርብ ጋር ገጠመ። ሳምንቱን ሙሉ በቴሌቪዥን ሲነገር ነበር፤ ሸውቂ ግን ከፍቺው ወዲህ የሚኖረው የሰው ፎቅ ጣራ ላይ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፣ ቴሌቪዥን የለውም። ያለው ከአባቱ የወረሰው በእጅ የሚሞላ ሰዓትና ቀኑን እንኳ በቅጡ የማታውቅ አሮጌ ስልክ ነው።

በዚያ ዓርብ እንዳላረፍድ ብሎ በአባቱ ሰዓት ገና ሦስት ሲሆን ከኢናስ ፎቅ ሥር ቆመ። ወዲያው ዘበኛው ዳሂ የልጅቷን እጅ ይዞ ወረደ።

«በል ውሰዳት። አሥር ሰዓት እዚሁ በር ላይ፣ ብላለች።»

ሸውቂ ሰዓቱን አየ። ሦስት። ኢናስ ከራሷ ቀንሳ አንድ ሰዓት የመረቀችለት መሰለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አላህ ይስጥልኝ በልልኝ፣ ጋሽ ዳሂ። ይቺን ውለታዋን አልረሳትም።»

ዳሂ የትኛዋን ውለታ እንደሆነ ባይገባውም አሜን አለ። ሸውቂ ጥጉን እንደታጠፈ ስልኩን አጠፋ። በማዕከሉ እንኳ ኢናስ በየሩብ ሰዓቱ እየደወለች «ውሃ ጠጣች? ሹራቧን ለበሰች?» ትለዋለች፤ ዛሬስ እንደ ሰው አባት ልሁን ብሎ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ሪታጅ ኤሌክትሪክ ያለበትን ኳስ ነክታ ፀጉሯ ሲቆም፣ አባቷ እስኪያስለው ሳቀ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሁለት ትልልቅ የብረት ሳህኖች ወዲያና ወዲህ ተተክለዋል፤ በአንዱ በኩል ያንሾካሾኩት በሌላው በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል። ሸውቂ ጆሮውን አስጠጋ።

«ባባ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ፣ ሪቱ!»

«አጎቴ ሳፍወት አንተን የዓርብ አባት ነው አለኝ። በሌላው ቀን ማነህ?»

ሸውቂ አፉን ወደ ሳህኑ አዞረ፤ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። በመጨረሻ «ሁልጊዜም እኔው ነኝ» አለ፤ እሷ ግን ሮጣ ወደሚቀጥለው ሄዳ ነበር። ሰው ከልጁ ጋር በብረት ሳህን ከሚነጋገር ምነው ዲዳ በሆነ።

የአትክልት ቦታው ውስጥ ከእብነ በረድ የተሠራ የፀሐይ ሰዓት አለ። የመሐሉን ብረት ጥላ አይተው ሰዓቱን አነበቡት፤ ስድስት። ሸውቂ የአባቱን ሰዓት አየ፤ ስድስት። በዚያችው ቅጽበት ከመስጊዱ የቀትሩ አዛን ተሰማ። ሙአዚኑም የሚጠራው በፀሐይ ነዋ።

«አየሽ? ፀሐይዋም፣ ሙአዚኑም፣ የአያትሽም ሰዓት አንድ ቃል ናቸው። አባትሽ ዛሬ አይሳሳትም!»

አንዲት አስተናጋጅ ለልጆች የካርቶን የፀሐይ ሰዓት ስታድል ለሪታጅም ሰጠቻት። ሸውቂ ወደ ሰሜን አቅንታ ማስቀመጥን ሦስቴ አስለማመዳት።

ልጅቷ ከሁሉ አብልጣ የጓጓችው ግን ጣራው ላይ ከዋክብት ለሚታዩበት ጉልላት ነው። ትርኢቱ በሰባት ሰዓት ይጀምራል። ሩብ ጉዳይ ሲል በሩ ላይ ቢደርሱ ጥበቃው ከለከላቸው።

«ሊያልቅ ነው፣ ሐጅ። የዛሬው ይኸው ነበር።»

«እንዴት ያልቃል? ገና መቼ ተጀመረና! ዓርብ ነው ብላችሁ ቶሎ ዘግታችሁ ልትሄዱ!»

«ሰዓትህን አስተካክል፣ ጌታው።»

«የኔን ሰዓት? ውጣና ፀሐይዋን ጠይቃት! ይሄ ሰዓት አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ይሠራል!»

ጥበቃው ትከሻውን ነቅንቆ ዞረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሪታጅ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ተንበረከከላት።

«የሚመጣው ዓርብ፣ ወላሂ። ከፊት ወንበር እናያቸዋለን።»

«እውነት?»

«አባትሽ ቃሉን ሰጠ።»

ሲመለሱ ትራሙን ትተው ታክሲ ያዙ። ፎቁ ጋ ሲደርሱ የአባቱ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ለአሥር ይላል። በሕይወቱ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

ኢናስ በቤት ጫማ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ልጅቷን መንጭቃ ከታክሲው አወጣቻት።

«የት ነበራችሁ? ስልክህን ለምን አጠፋኸው? ይዘሃት የጠፋህ መስሎኝ አበድኩ እኮ! ወንድሜ ሳፍወት ፖሊስ ጣቢያ ሄዷል!»

«ምን ሆነሻል? ሩብ ሰዓት ቀድሜ ነው የመጣሁት! እዪው!» ሰዓቱን አወጣላት።

እሷም ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ሩብ ጉዳይ ለአሥራ አንድ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባው፤ የጠዋቷ ምርቃት፣ ያለቀው ትርኢት፣ የጥበቃው ቃል። ስልኩን ከፈተው፤ የሃያ ስድስት ጥሪ መልእክት ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ኢናስ፣ ሰዓቱ ዛሬ... እኔ እኮ ጠዋት በሰዓቱ...»

«ይሄኛውን ሰበብ እንኳ ሰምቼው አላውቅም፤ አዲስ ነው።» አልጮኸችም፤ ደክሟታል። «አንተ እኮ አትከፋም፣ ሸውቂ። ግን አትደርስም።»

«እማ፣ አላረፈድንም! ፀሐይዋን አይተናል!» አለች ሪታጅ።

«አንቺንም ሰበብ አስተማረሽ?» ብላ ይዛት ገባች።

በሚቀጥለው ዓርብ ሸውቂ የአባቱን ሰዓት አስተካክሎ በማዕከሉ ግቢ ከሁሉ አባት ቀድሞ ተገኘ። ሪታጅ በሰባት ሰዓት መጣች። ስለ ከዋክብቱ አልጠየቀችውም፤ ብትጠይቀው ይሻለው ነበር። ካርቶኗን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ እንዳስተማራት ወደ ሰሜን አቀናችውና ብስኩቷን እየበላች ጥላውን ትጠብቅ ጀመር።

ሠራተኛው መዝገቡን ይዞ ተነሣ። «አሥር ሰዓት! ልጆች ወደ እናቶቻችሁ!»

«አይደለም፣ ዘጠኝ ነው!» አለች ሪታጅ ጮክ ብላ። በጣቷ ጥላውን አሳየችው። «እይ፣ ባባ፣ በደንብ ነው ያስቀመጥኩት። ገና አንድ ሰዓት ይቀረናል አይደል?»

ኢናስ አጥሩ በር ላይ ሆና ታያለች። ሠራተኛው ሸውቂ እንዲፈርም መዝገቡን አቀረበለት። ጥላው በእርግጥም ዘጠኝ ላይ ነበር። ሸውቂ ካርቶኑን አንሥቶ አጠፈና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተው።

«ተሳስቷል፣ ሪቱ» አላት። «በይ ተነሺ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው።»