ለውዝ የተጠቀለለበት ውጤት

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሠላሳ አምስት በመቶ ነበር፤ አራት ሰዓት ላይም ሠላሳ አምስት። ላፕቶፔ «አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ እንዳታጠፉኝ» ብሎ ያቺን ክብ እያሽከረከረ ፈዟል። እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። በየቀኑ እየመጣ ሲነዘንዘኝ «በቃ እሺ፣ ገላግለኝ!» ብዬ ተጫንኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!

ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ የሚሠራው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ዝናብ ሲመጣ መብራት እንደሚሄድ እዚህ ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የሃምሳ ሁለት ልጆች ውጤት ነው። አራተኛ ክፍልን ሁሉንም ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ጋ ቅጂ የለም። በማግስቱ ወላጆች ካርድ ሊወስዱ ይመጣሉ። ምን ልላቸው ነው? «ማሽኑ እያሰበ ነው»? ቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። አለቀስኩም፣ አልደብቅም።

ድንገት ወረቀቱ ትዝ አለኝ። ውጤቱን መጀመሪያ የመዘገብኩት በእጄ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ ስጨርስ ግን «ከእንግዲህ ወረቀት ምን ያደርግልኛል» ብዬ ተኩራራሁና፣ መንገድ ዳር ለውዝ ለሚሸጡ አንዲት እናት «መጠቅለያ ይሁንዎ» ብዬ ሰጠኋቸው። ልጃቸው እኔው ክፍል ነው የምትማረው።

በቤት ጫማዬ ሮጥኩ።

«ማል ታቴ፣ ቲቸር? ምን ሆንሽ?» አሉኝ ደንግጠው።

«የሰጠሁዎት ወረቀት! አለ?»

«ውይ፣ እሱማ አለቀ። ወላሂ ጥሩ ወረቀት ነበር፤ አይቀደድም።»

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ጸጥ አለ። መብራት ሄደ። በቃ፣ ሠላሳ አምስቱም አከተመ።

አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ከለውዙ ዘንቢል ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«አንዷን ግን አልነካኋትም። ማንበብ አልችልም፤ የልጄን ስም ግን ደብተሯ ላይ እያየሁ ለይቼዋለሁ።»

አንድ ገጽ። አሥር ስም ብቻ። ጣታቸውን የልጃቸው ስም ላይ አሳረፉ።

«ይኸው። ከሁሉም እሷን ብቻ በቀይ ከበብሽላት። ሦስት ቦታ፣ ማሻአላህ! አባቷም አይቶታል። በፍሬም አድርገን ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ነው።»

በቀይ የምከበው ከሃምሳ በታች የሆነውን ውጤት ነበር። መንገዱን ሙሉ አንዲት ወረቀት ስጠኝ ብዬ ፈጣሪን ስለምን መጥቼ፣ ምነው ይህችም በጠፋች ብዬ ተመኘሁ።

«ውሰጂው፤ ግን ነገ ትመልሽልኛለሽ፣ እሺ?» አሉኝ።

ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«እመልሳለሁ፣ እናቴ» ብቻ ነው የወጣኝ።