ሀብት የሌላት አገር

ከሻኪሶ የወጣሁ ለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ወንድሜ ተፈራ ጫማዬን አስወልቆ ጭቃውን ገበቴ ውስጥ አጠበው። ወርቅ አጣቢዎች ስለነበርን ቀልዱ ገብቶኛል። «የመሬታችንን ሀብት ይዘህ ልትጠፋ?» አለኝ። ብናኝ ወርቅ አልተገኘም። በእርጥብ ጫማ ተሰደድኩ።

ፊደል የቆጠርኩት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አማርኛውን አንድ ዲያቆን አስተማረኝ፤ እንግሊዝኛውን ፒዮሪያ ስትሪት ካለው የአዋቂዎች ክላስ እማራለሁ። ከሺፍት ወጥቼ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን እቀመጣለሁ። አገሩ ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። የሻኪሶ ጭቃ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን ስለ ጃፓን አነበብን፤ ሪሶርስ የላትም ይላል። «ሪሶርስ» የሚለውን ስልኬ «ሀብት» ብሎ ተረጎመልኝ። እጄን አወጣሁ። ጃፓን ሀብት የላትም ማለት ውሸት ነው፣ የወርቅ ነጋዴያችን የሚመጣው በእሷ ፒካፕ ነበር፣ እኔም ዛሬ የመጣሁት በእሷ መኪና ነው አልኩ። ክላሱ ሳቀ። ቲቸሯ ግን ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ደሴት ናት፣ ነዳጁንም ብረት የሚወጣበትን ድንጋይም በመርከብ ከሰው አገር ታስገባለች።

«መርከቡ የቀረ ቀንስ?» አልኳት።

«ጭንቅ ነው። ለዚህ ነው ልጆቿን አጥብቃ የምታስተምረው።»

በዚያው ሳምንት ተፈራ ደወለ። ልጁ አልማዝ ዘጠነኛ ክፍልን ትታ ወርቅ ልታጥብ ነው። መሬታችን ሀብታም ነው፣ ደብተር ምን ያደርግላታል አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሰድበው ነበር። አሁን ግን ልጅቷን አገናኘኝ አልኩት፤ ስለ ጃፓን ስልኬ በአማርኛ የተረጎመውን የገለበጥኩበትን ወረቀት ዘርግቼም አነበብኩላት። ከአገር ቤት ሰው ሳነብ የሰማኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

እኔ ረጅም ቃል ሲገጥመኝ በመጀመሪያው ፊደል እገምታለሁ። «ጃፓን የሰው አገር ነዳጅ ጥጋበኛ ናት» ብዬ አነበብኩ።

ሳቋን ለቀቀችው። «ጋሼ፣ ጥጋበኛ አይደለም፤ ጥገኛ ይሆናል።»

ወረቀቱን አየሁት። ጥገኛ ይላል። ሳታየው አረመችኝ።

«አንቺ ከተውሽው እኔን ማን ያርመኛል?» አልኳት።

ከጀርባዋ አባቷ ገበቴውን ሲያንኳኳ ይሰማኛል። ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ መልሱን ፈራሁት።

«እስቲ ከመጀመሪያው ያንብቡልኝ፣» አለችኝ።

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ጀመርኩ።