በምን ሄድክ?

ጸጉር አስተካካዩ ድሮ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «እንዴት ላድርግልህ?» ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ፎጣውን የደንበኛው አንገት ላይ አስሮ ሳይጨርስ፣ «ሰሞኑን ወደ ዋና ከተማው ወጣ ብለህ ነበር እንዴ?» ይላል። ሄዶ የመጣ ከተገኘማ ጥያቄው አያልቅም። በምን ሄድክ? ስንት ሰዓት ፈጀ? መንገድ ላይ ቆማችሁ ነበር?

«ጋሼ፣ ጉዞው መቼ ነው ታዲያ? ሻንጣህ እኮ ሻገተ» ይሉታል ደንበኞቹ።

«ጸጉር ቆርጬ ስጨርስ ቀን እቆርጣለሁ» ይላል። ቤቱ ይስቃል።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ተራ ለሚጠብቅ ደግሞ አንድ አግዳሚ። ሰው ወደዚያ የሚመጣው ግማሹ ለጸጉሩ፣ ግማሹ ለቀልዱ ነው።

እሱ ግን የትም የሚሄድበት ጉዳይ የለውም። አንዴ ሄዷል፣ ሚስቱን ይዞ።

ሕመሟ የልብ ነበር። የሰፈሩ ሐኪም ዋና ከተማው ወዳለው ሆስፒታል ላካት፤ ቀጠሮዋ ሐሙስ ጠዋት ነው። በምንም ብትሄድ ችግር የለውም፣ ብቻ አትንገላታ አለ ሐኪሙ። በአውቶብስ ዘጠኝ ሰዓት፣ በባቡር ሰባት፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጸጉር አስተካካዩ አውቶብሱን ወዲያው ተወው፤ መንገዱ ያንገጫግጫል። በቀሩት በሁለቱ ሁለት ቀን ሙሉ ተብሰለሰለ። በመጨረሻ እሷኑ ጠየቃት።

«አንቺ በምን ይሻልሻል?»

«በባቡር» አለች፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየሰፋች። «ጋደም እያልኩ እሄዳለሁ።»

ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ደርሶ ቆመ። ሞተሩ እምቢ አለ። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ሲባል አራት ሰዓት ሙሉ አለፈ። «ሞቀኝ» አለችው፤ በጋዜጣ አራገበላት። ከዚያ «ትንሽ ልተኛ» ብላ ትከሻው ላይ ተደገፈች። ባቡሩ ሲነሳ ሊቀሰቅሳት ሞከረ። አልነቃችም።

ከዚያ ወዲህ ነው እየጠየቀ የሚኖረው። አንዱ በባቡር ሄጄ በሰዓቱ ደረስኩ ካለው ያን ቀን እንቅልፍ ይወስደዋል። ሌላው አውሮፕላኑማ ቀበቶ ታጥቀህ ሳትጨርስ ያደርስሃል ካለው ራቱን ሳይቀምስ ያድራል። የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባቡሩን የመረጠችው ራሷ ናት።

ባለፈው እሑድ የሚስቱ ታናሽ እህት የሟችን ልብሶች ለማጣጠፍ መጣች። ቁም ሳጥኑ እንደተከፈተ፣ «ምነው ያኔ ባቡር ባላለች» አለ እንደ ልማዱ።

እህትየው አንድ ቀሚስ አውጥታ አጠፈች። «ላንተ ብላ እኮ ነው ጋሼ። አውሮፕላን ይፈራል፣ አላስጨንቀውም ብላ።»

«እኔ? ማን አላት?»

«አንተው ‹እኔ መሬት የለቀቀ ነገር አላምንም› ትል የለም እንዴ ሁልጊዜ?»

«እሱማ ለሳቅ ነው። ደንበኛ ለማሳቅ የምላት ቀልድ ናት።»

«እሷ የምርህን መስሏት ነበር» አለች፤ ያጠፈችውን ቀሚስ ፈታ እንደገና አጠፈችው።

ማክሰኞ ዕለት የሒሳብ አስተማሪው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ መቼም ይህን መንገድ አንተን ያህል ያጠናው የለም። እናቴን ለሕክምና ዋና ከተማ ልወስዳት ነው። በምን ይሻለኛል?»

ጸጉር አስተካካዩ ሰዓቱን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አንዱንም አልተናገረም።

«እሷ ምን አለች?»

«እሷማ አውቶብስ ይበቃኛል ባይ ናት።»

«ላንተ ብላ እንዳይሆን።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። አስተማሪውም ሳቀ።

«የምሬን ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ይባስ ብለው ሳቁ።

መቀሱን መስታወቱ ሥር አስቀምጦ ወንበሩን ወደ ራሱ አዞረው። የአስተማሪው ጸጉር ገና በግራ በኩል ብቻ ነው የተስተካከለው።

«ደውልላት» አለው። «አሁን። ካልደወልክ አልጨርስልህም።»

አስተማሪው ፈገግ እንዳለ ቀና ብሎ አየው። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ከጨርቁ ሥር ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣ።

«እማዬ» አለ አስተማሪው፣ «ምንም አልሆንኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።»