ቀበሮው የሰለቸን ዒድ

ከቀበሮው ጋር የተዋወቅነው የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ ነው። አባቴ የጨርቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነበር። በዚያን ጊዜ የሱዳን መንገድ ተከፍቶ ስለነበር መተማን አልፎ ገዳሪፍ ድረስ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጨርቅና ሽቶ ያመጣል። አንድ ቀን ግን ቴሌቪዥን፣ ዴክና አንድ የካርቱን ካሴት ይዞ ከች አለ። ካሴቱ በዐረብኛ ነው። ታሪኩም ይቺው ናት፦ አንድ ከሲታ ቀበሮ አንዲት ድንቡሽ ያለች ዶሮ ያሳድዳል፤ አይደርስባትም፤ ቢደርስባትም አይበላትም። አለቀ። ሌላ ካሴት ቢመጣም ያው ቀበሮ፣ ያቺው ዶሮ ናቸው።

ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ዴክ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ የጎረቤት ልጅ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እኛ ሳሎን ይታጨቃል። እናቴ በር ላይ ቆማ "ጫማችሁን! ጫማችሁን!" ትላለች። አባቴ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ጎን ስቦ ይቀመጥና መተርጎም ይጀምራል። ገዳሪፍ የሚመላለስ ሰው ዐረብኛ ይጠፋዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

አቤት ትርጉም! በአባቴ ትርጉም ቀበሮው ማክሰኝት ተወልዶ ያደገ የከብት ደላላ ነው። ዶሮዋ ደግሞ ያምባ ጊዮርጊስ ባላገር ናት። "ምነው አያ ቀበሮ! ሸጋ ሰው መስለኸኝ እኮ ነው በር የከፈትሁልህ!" ትለዋለች፣ አባቴ በሚያወጣላት ቀጭን ድምፅ። ቀበሮው አሸዋ ላይ ሲሮጥ "ይኼ ከመተማ ወዲያ ነው" ይለናል። ማኪናው ገደል ሲገባ ደግሞ "ሊማሊሞ! ነግሬው ነበር! ቀስ ብለህ ንዳ ብዬው ነበር!" ብሎ በንዴት ጭኑን ይመታል። ቀበሮውን በአካል የሚያውቀው ነበር የሚመስለን።

ከሁሉ የማይረሳኝ የቢላዋው ነገር ነው። አንድ ዓርብ ከመሃላችን አንዱ "ይዟት ታዲያ ለምን አይበላትም?" ብሎ ጠየቀ። የጎረቤታችን የክርስቲያን ልጅ አፍታም ሳትቆይ "ዛሬ ዓርብ አይደል? ጾም ነው" አለች። ወይ ጉድ! "ቀበሮው ክርስቲያን ነው እንዴ?" ተባለ። ነው! አይደለም! ሳሎኑ ሊገለበጥ ሆነ። አባቴ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘንና እንደ አገር ሽማግሌ ዳኘ። "ስሙ! ቀበሮውና ዶሮዋም የሚጣሉት በዚሁ ነው። በማን ቢላዋ ትታረድ? በሙስሊም ወይስ በክርስቲያን? እስኪስማሙ ድረስ አትበላም።" ሁላችንም አመንን። በየሰርጉ ቤት ለሙስሊም ለብቻ፣ ለክርስቲያን ለብቻ ሲታረድና ሲወጠወጥ እያየን ያደግን የጎንደር ልጆች ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን? ዶሮዋ እስከዚያ ቀን በሕይወት የቆየችው በቢላዋ ክርክር መሆኑን ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ የለም።

መድረሳ ገብቼ ዐረብኛዬ ጠና ጠና ሲል አንድ ዓርብ ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ ቀበሮው የሚለው "የት ነሽ አንቺ ዶሮ? እይዝሻለሁ!" ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ትንሽ ይሮጥና ደግሞ "እይዝሻለሁ!" ይላል። ማክሰኝት የለ፣ ሊማሊሞ የለ፣ ቢላዋ የለ። በሳቅ ልሞት! ትራስ ነክሼ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጆሮዬ ቀበሮውን፣ በሌላው አባቴን መስማት ለመድሁ። የአባቴ ቀበሮ ከእውነተኛው ቀበሮ በእጅጉ ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ልጅነታችን አለፈ፤ ቀበሮው ግን አላልፍም አለ። ዲሽ ሲመጣ በየቀኑ ይታይ ጀመር። ቀጥሎ የቀበሮው ሕፃንነት ተሠራ። ቀጥሎ ጠፈር ወጣ። ቀጥሎ በኮምፒውተር ተሠርቶ ፀጉሩ አንድ በአንድ እየተቆጠረ መጣ። ከዚያ ደግሞ "ቀበሮው ተመለሰ" ተባለ። የት ሄዶ ነው የሚመለሰው? እስቲ ትንሽ ይሂድልንና እንናፍቀው! በመጨረሻ ጭራሽ ከዶሮዋ ጋር ታርቀው፣ ተቃቅፈው፣ ስለ ጓደኝነት ይመክሩን ጀመር። ቀበሮ ለዶሮ ሲመክር መስማትም አለ ለካ! እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ። ጅራቱን ሳይ ያንገሸግሸኝ ጀመር።

ቢሆንም አልተውሁትም። በአባቴ ምክንያት ነው።

እኔ ባል አግብቼ አዘዞ ገብቼ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ አባቴ ሱቁን ዘጋ። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ስለነበር መዝጋቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ያ ሰፈር ሙሉ ልጅ የሚያስቅ ሰው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነገሩ ሁሉ "እህ" እና "ደህና" ሆነ። ምሳ ይቀርባል፣ ይበላል፣ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ዝም። እናቴን "ምን ሆኖ ነው?" ብላት "ዝም አይነቅዝም" ብላኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። ፈራሁ። አባቴ እዚያው ሶፋው ላይ ቃል ሳይተነፍስ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሳወጣ ሳወርድ፣ ያ ሁሉ ጨዋታው የነበረው ቀበሮው ላይ ነው አልሁ። ስለዚህ በየዒዱ ፒያሳ ሄጄ አዲስ የወጣውን ቀበሮ በፍላሽ አስጭኜ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ይዤለት እሄዳለሁ። እያንገሸገሸኝ፣ ፈገግ ብዬ አብሬው አያለሁ። እሱም ፈገግ ይላል። ግን ለማን ያስተርጉም? አዲሱ ቀበሮ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጄ ደግሞ ከእኔም አስበልጣ ታውቀዋለች። "አባባ፣ ምን አለ መሰለህ? ጓደኝነት ከወርቅ ይበልጣል አለ" ትለዋለች። አባቴ "እህ" ይላል።

አንድ ዓመት የዋለው ዒድ አል ፈጥርም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ሥጋው ተበልቶ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ቀርቦ፣ "ዘንድሮ ደግሞ የድሮው ቀበሮ ራሱ በአዲስ ቀለም ተሠርቷል!" ብዬ እንደ ገበያ ሰው አሟሙቄ ፍላሹን ሰካሁ። ቀበሮው ገና ብቅ ሲል ልጄ ከሙሸበኩ የፈሰሰውን ስኳር ከጣቷ ላይ እየላሰች፣ "እማዬ፣ ሰለቸኝ አላልሽም እንዴ? ሚኒባስ ውስጥ 'ይኼ ቀበሮ በሞተና በተገላገልሁ' ብለሽ የለ?" አለች።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰልችቶሻል?"

"አይ አባባ፣ እሷ እኮ ዝም ብላ…"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"ታክቶኛል አባባ። አንገሽግሾኛል።"

አባቴ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። "አልሐምዱሊላህ! እኔንማ ሊገድለኝ ነበር!"

"ታዲያ ምነው ዝም አልህ?"

"ልጄ ለፍታ ካዘዞ ድረስ ይዛልኝ መጥታ፣ አልፈልግም ልበላት? ደስ ይላታል ብዬ ነዋ ጥርሴን የማሳየው!"

"እኔ ላንተ ብዬ!"

"እኔ ላንቺ ብዬ!"

ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚጫወትብን። አባትና ልጅ ሁለታችንም የማንፈልገውን ቀበሮ ስንቀልብ ከርመናል። ልጄ በሳቅ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች፣ እኔ ሆዴን ያዝሁ፣ አባቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ የታወቀኝ ያኔ ነው።

"ድሮም ቢሆን እኮ" አለ እንባውን እየጠረገ፣ "የኔ ዐረብኛ የገበያ ነው። 'ስንት ነው? ቀንስልኝ' ከማለት አያልፍም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ነገ ምን ልበላቸው እያልሁ ስጨነቅ ነበር የምውለው።"

"እኔ ግን የድሮውን ቀበሮ እወደው ነበር" አለች እናቴ።

ሁላችንም ዞር አልን። እናቴ ቀበሮውን አይታው የምታውቅ አይመስለኝም ነበር፤ ጫማ ስታስተካክል ብቻ ነው የማስታውሳት።

"አባትሽ ሲያጠፋ ይቅርታ ማለት የማያውቅ ኩሩ ነው" አለችኝ። "ዝም ነው የሚለው። ዓርብ ሲደርስ ግን ቀበሮው ይናገርለታል። እንግዳ ፊት የጮኸብኝ ሰሞን ቀበሮው ዶሮዋን 'ሰው ፊት መጮሄ ጥፋት ነው፣ አፉ በይኝ' አላት። እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ አፉ እላለሁ።"

አባቴ አንድ ሙሸበክ አነሣ፤ ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው። ጆሮው ቀልቷል።

"ልጆቹ አድገው አስተርጓሚ የማይፈልጉ ከሆኑ ወዲህ፣ ይኸው አንዲት ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም" አለች እናቴ። "ስንት ዘመን አብሬው ጨርቅ የለካሁበትን ሱቅ፣ ተዘጋ ሲባል የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከጎረቤት!"

ይኼኔ ነው የገባኝ። ዝምታው የጉልበትም የዕድሜም አልነበረም። ይቅርታው ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት፣ የሚናገርለት አጥቶ ነው ያ ሁሉ ጊዜ ሶፋው ላይ የተቀመጠው። እኔ ሞኟ ደግሞ ስለ ጓደኝነት የሚመክር ቀበሮ አመላልስለታለሁ።

"አጥፊው" አለችኝ እናቴ። አጠፋሁት።

ከውጭ የዒድ ልብስ የለበሱ ልጆች ጩኸት ይሰማል። አባቴ ቴሌቪዥኑን አየ። እኔን አየኝ፤ እኔም ልረዳው አልቻልሁም። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በድሮው በደላላው ጎርናና ድምፅ "እሜቴ ዶሮ…" ብሎ ጀመረ። ልጄ ከት ብላ ሳቀች።

"በራስህ አፍ" አለችው እናቴ።

ጉልበቱን ይዞ፣ እያቃሰተ ከሶፋው ተነሣ። ሄዶ ከእናቴ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሰው ፊት እንዲህ ተጠጋግተው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

"ሱቁን ሳላማክርሽ ዘጋሁት" አለ በራሱ ድምፅ። "ደከመኝ ማለት አፍሬ ነው። አፉ በይኝ።"

እናቴ ሻሿን አስተካከለች፣ የተወውን ሙሸበክ አንስታ በእጁ አስያዘችው።

"የዘጋህ ዕለት ነው አፉ ያልሁህ" አለችው። "ስትናገረው ልስማ ብዬ ነው የጠበቅሁህ።"